የግዕዝን መምህር ማን ያስተምረው?

አየር ጤና ከሰፈርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መታወቂያ የማሳድስበት ግቢ በር ላይ «ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አምና የጎረቤቴን ልጅ አስከትዬ ሄድኩ፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል ሰሌዳውን ደጋግማ አነበበችና፣ «ጋሼ፣ ለምን የከተማ ክፍል አይሉትም?» አለችኝ።

ልጅቷ ያን ክረምት ግዕዝ ስትማር ነው የከረመችው። ማለዳ ማለዳ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» እያለች ስታወርደው በአጥር በኩል እሰማታለሁ። መምህሯን ጠይቃ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ጠይቄያቸዋለሁ። ግዕዝ ነው አሉኝ።»

ግዕዝ መሆኑንስ ማን ካደ! እዚያው ወረፋው ላይ እንደቆምን ነገርኳት። ግዕዝ አንዱን ስም ከሌላው ጋር ሲያዛርፍ እንደ አማርኛ «የ» አያስፈልገውም፤ የፊተኛውን ቃል የመጨረሻ ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ይለውጣል። «ክፍል» የነበረው «ክፍለ» ይሆናል፤ የ«የ»ን ሥራ የምትሠራው ያቺ «ለ» ናት። ልጅቷ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ «እንዴ! ቤተ ክርስቲያን! ቤተ መጻሕፍት! ርእሰ መምህር!» እያለች ትደረድር ጀመር። ከፊታችን የቆሙ ሽማግሌ ዞር ብለው «ሕገ መንግሥት» ሲሉ ጨመሩላት፤ አንድ ወጣት ደግሞ «ሕገ ወጥ» ብሎ ወረፋውን በሙሉ አሳቀው። (ሕገ ወጥ ግማሹ ግዕዝ፣ ግማሹ አማርኛ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆየሁት።)

መምህሯን አውቃቸዋለሁ። እግራቸው ሥር ብቀመጥ የሚያኮራኝ፣ መወድስ በቆሙበት የሚቀኙ ሰው ናቸው። ልጅቷ ግን ከእሳቸው ዘንድ አንድ ክረምት ሙሉ ግስ ስታወርድ ከርማ፣ በየቀኑ የምታልፍበት ሰሌዳ ግዕዝ መሆኑን እንጂ ለምን ግዕዝ እንደሆነ የነገራት የለም። ጥፋቱ የእሳቸው ነው አልልም። የእሳቸው ሥራ ቅኔ ማስተማር ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚያስጀምሩ ማንም አላሳያቸውም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

በአማራ ክልል ግዕዝን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ከተጀመረ ወዲህ፣ አዲስ አበባስ መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ከለቅሶ ቤት እስከ ሬዲዮ ጣቢያ ይነሣል። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። «መምህሩስ ከየት ይመጣል?» ሲባል ግን የሚሰጠው መልስ ሁሌም ያው ነው፤ «አገሩ የሊቅ አገር አይደል እንዴ! ግዕዝ የሚያውቅ ካለ መምህር አለ።» ተናጋሪው ደረቱን ነፋ ያደርጋል፣ አድማጩ ራሱን ይነቀንቃል፣ ነገሩ ይዘጋል። የኔ ሙግት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ትውፊትን ያከበረች ትመስላለች፤ ትውፊቱን ግን አታውቀውም።

ቅኔ ቤት ማንንም ሰው ስላወቀ ብቻ ወንበር ላይ አስቀምጦ አያውቅም። ተማሪው ግስና አገባብ ከተማረ በኋላ፣ ቀን ቀን ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቦታ ዘንድ ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ ስንት ክረምት ይፈራረቃል። የቆጠረውን ይዞ ይመጣና ይነግራል። ነገራ ይሉታል። መምህሩ ይሰሙታል፣ ይሰብሩታል፣ ያቃኑለታል። ተማሪ ሲበዛ ግን መምህሩ ሁሉንም አያዳርሱም፤ ከተማሪዎቹ መሐል የበሰለው አስነጋሪ ይሆናል። አስነጋሪው የታናሹን ቅኔ ሰምቶ፣ የተሳሳተው አገባቡ ላይ ነው፣ ቤቱ ላይ ነው ወይስ ምስጢሩ ላይ ብሎ ለይቶ ማረም አለበት። መምህሩ ደግሞ ጥግ ተቀምጠው አስነጋሪው እንዴት እንደሚያርም ያዳምጣሉ። ይህ ለሳምንት ወይም ለወር የሚደረግ አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል። በጎንጅም፣ በዋሸራም፣ በዋድላም የአነጋገሩ መንገድ ይለያያል እንጂ፣ ሲያስተምር ሳይታይ አስመስክሮ ወንበር የሚዘረጋ የለም።

ዛሬ በየመምህራን ማሠልጠኛው «የማስተማር ልምምድ» የሚባለውን ነገር ቅኔ ቤት ኮተቤ ኮሌጅ ሳይታሰብ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ማወቅ ይበቃል» የሚለው ሰው በአባቶች ስም ይናገር እንጂ አባቶች ያላሉትን ነው የሚለው። እነሱ ያሉት ተቃራኒውን ነው፤ ማወቅህን አየን፣ አሁን ደግሞ ስታሳውቅ እንይህ።

ታዲያ ቅኔ ቤቱ መምህር የሚያወጣ ከሆነ፣ ከዚያ የወጣውን ወስዶ ኮልፌ ክፍል ውስጥ ማቆም ምን ችግር አለው? ችግሩ የተዘጋጀለት ተማሪ እዚያ አለመኖሩ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ እየበላ የሚማር ነው። ንባብ ቤት አልፏል፤ ዳዊት ደግሟል፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ንባብን ጆሮው ለይቷል። ትርጉሙን ባያውቅም የግዕዝ ድምፅ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ከመምህሩ ጋር ውሎ ያድራል። መምህሩ አንድ በአንድ ይሰሙታል። ያልፈለገ ደግሞ ይሄዳል፤ የሚያስቀረው የለም።

የኮልፌው ልጅ ግን ከሒሳብና ከስፖርት መሐል የተሰነቀረች አንድ ክፍለ ጊዜ አለችው። ጎኑ የተቀመጠው ወንድሙ አይደለም፤ ክፍሉ ሙሉ ነው። ግዕዝ አልመረጠም፤ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ጠበቀው። ግማሾቹ ቅዳሴ ላይ ሰምተውታል፤ ሌሎቹ ጨርሶ አልሰሙትም። መምህሩ ሠላሳ ጊዜ «ቀተለ» ካስባለ በኋላ ደወል ይደወላል።

እስቲ «ቀተለ» ላይ ትንሽ እንቆይ። (ትርጉሙ «ገደለ» ነው። የላቲን ተማሪ መጀመሪያ የሚያረባው ግስ «አሞ»፣ እወዳለሁ፣ የሚል ነው፤ የኛ ልጅ በመግደል ይጀምራል። ሰዋስው ነው፤ ክፋት የለበትም።) ከ«ቀተለ» አጠገብ «ቀደሰ» አለ። ወረቀት ላይ ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ ሦስት ሦስት ፊደል፣ ሁሉም ግዕዝ። በካልኣይ አንቀጽ ግን አንዱ «ይቀትል» ሲሆን ሌላው «ይቄድስ» ይሆናል። ልጁ «ይህቺ ቄ ከየት መጣች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልጠየቀም ሊጠይቅ ይገባዋል። ግስ ያወረደ ሁሉ መልሱን በቃሉ ያውቃል፤ «እንዲህ ነው የሚወርደው»። ከዚያ ልጁ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ማስተማር የተማረ ሰው ቢሆን ግን ከልጁ አፍ ይጀምር ነበር። «ይገድላል በል።» ይላል። «አሁን ይቀድሳል በል። ድ ላይ ምን ሰማህ?» ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይላቸዋል። በመጀመሪያው «ድ» ትላላለች፣ በሁለተኛው ትጠብቃለች። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይኑ አያየውም፤ ጆሮው ግን አማርኛ አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ግዕዝም እነዚህን ሁለት የግስ ቤተሰቦች ይለያል፤ የላላው «ይቀትል» ይላል፣ የጠበቀው «ይቄድስ» ይላል። ልጁ አዲስ ነገር አልሸመደደም፤ አብሮት የነበረ ነገር ስም አገኘለት። ይህን ለማድረግ ግዕዝ ማወቅ ግድ ነው፤ ግን ግዕዝ በማወቅ ብቻ አይመጣም። የልጁን አማርኛ ማየት፣ የትኛው ጥያቄ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ መገመት፣ የትኛውን ለዛሬ የትኛውን ለነገ ማለት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ይህ ሰው ይሠለጥናል እንጂ በራሱ አይበቅልም።

«ሰረቀ» እና «ሠረቀ»ም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሌባው ነው፣ ሌላው ፀሐይ ስትወጣ ነው። «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱን «ሰ» አንድ ዓይነት እያልን ስለምናነባቸው ልጁ ልዩነቱን ከድምፅ ሊያገኘው አይችልም፤ እንደ «ድ»ው በጆሮ አይያዝም፤ በዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ በጆሮ ይጀመራል፣ ሌላው በዓይን። ይህን መለየት የመምህር እንጂ የሊቅ ሥራ አይደለም፤ ሊቁ ሁለቱንም እኩል ያውቃቸዋልና ልዩነቱ ላይታየው ይችላል።

«አባቶቻችን ያለ ምንም ፔዳጎጂ ተምረው ሊቅ ሆነዋል» የሚሉኝ አሉ። ሊቅ የሆኑትን እናያቸዋለን፤ ከመንገድ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? እኔ ራሴ ከቀሩት ነኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ሳልደናቀፍ እወርደው ነበር። በሰባት ዓመቴ አንድ መስመር ትርጉም ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ጎልምሼ፣ በራሴ ገንዘብ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ብቻዬን ታግዬ ነው። የንባቡ ዕዳ አለብኝ፣ አልክድም፤ ድምፁን ያወረሰኝ እሱ ነው። ግን የኔን ዓይነቱን ድካም «ዘዴ» ብለን ለአንድ ከተማ ሕፃናት ሁሉ ልናወርስ አይገባም።

ላቲን በዚህ መንገድ አልፏል። የኛ ክርክር እዚያ የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ ተደርጓል። እስከዚያ ድረስ የላቲን መምህር ተማሪ አልጎደለበትም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም ዩኒቨርሲቲውም ተማሪ ያጎርፉለት ነበር። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ላቲን ያላለፈ እንዳይገባ የሚለውን ደንባቸውን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያነሡ፣ ከ1962 እስከ 1965 የተቀመጠው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲቀድስ በሩን ሲከፍት፣ የላቲን መምህር በአንድ ጊዜ ያለ ግዴታ ተማሪ ቀረ። ያኔ ነው ብዙዎቹ «እንዴት ነው የምናስተምረው?» ብለው የጠየቁት። ካምብሪጅ ከ1970 ጀምሮ ላቲንን በተረት መልክ፣ በፖምፔ ከተማ በሚኖር ቤተሰብ ኑሮ የሚያስጀምር መማሪያ አወጣ። ከዚያም በፊት፣ በ1955፣ ሃንስ ኧርበርግ የተባለ ዴንማርካዊ መምህር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ላቲን ብቻ የሆነ፣ ተማሪው ግን ያለ መዝገበ ቃላት እየገባው የሚሄድበት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት ከክፍል ውስጥ ልምድ ተነሥተው ነው።

ጀርመን አገር ደግሞ ላቲን ላስተምር ያለ ሰው ዩኒቨርሲቲ መጨረሱ አይበቃውም። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ድረስ፣ ልምድ ያለው መምህር ከኋላ ተቀምጦ እያየው፣ እውነተኛ ክፍል ውስጥ ያስተምራል፤ ሁለተኛውን የመንግሥት ፈተና የሚወስደው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ሳነብ የመጣብኝ አስነጋሪው ነው። እነሱ በመንግሥት ሕግ ያደረጉትን የኛዎቹ በጎጆ ውስጥ ያደርጉት ነበር። እኛ ደግሞ ያለንን ጥለን «ማወቅ ይበቃል» እንላለን።

የላቲንና የግዕዝ ነገር ከተነሣ አንድ ጨዋታ ልጨምር። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ፤ በኋላም ጀርመን ድረስ ሄደው አስተማሩት። ከዚያ ትምህርት የወጣው የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ታተመ፤ በላቲን! ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1865፣ አውግስት ዲልማን ያሳተመው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው ላቲን ነው። ስለዚህ የኮልፌው የግዕዝ መምህር ዲልማንን ሊገልጥ ቢፈልግ ላቲን ያስፈልገዋል። ደግነቱ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት መዝገበ ቃላት በአማርኛ አለን። ሦስት ትውልድ መምህርና ተማሪ የተቀባበሉት መጽሐፍ ነው። ግን እሱንም እንካ ብሎ ለሕፃን አይሰጡትም፤ የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው፣ ቃሉም የሚፈለገው በሥሩ ነው። «መጻሕፍት»ን የሚፈልግ ልጅ «መ» ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ «ጸሐፈ» ድረስ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል። መዝገቡን መክፈት ራሱ አንድ ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት ነው።

እስካሁን የቅኔ ቤቱን ወዳጆች ነው የሞገትኩት። ሌላም ወገን አለ፤ እሱን ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ ራሱን ይናገራል። ይህኛው «ቅኔ ቤቱን ተዉት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ቅጠሩ» ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊሎሎጂ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ አክሱም ዩኒቨርሲቲም ግዕዝ ያስተምራል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ስለ ግዕዝ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ፣ አንድ ገጽ ጮክ ብለህ አንብብ ሲሉት ተነሽና ወዳቂ የሚያምታታ ሰው አጋጥሞኛል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይሄኔ ነው። ልጁ መጀመሪያ የሚወርሰው የመምህሩን ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ የሚገኘው ከወንበሩ ሥር ነው።

ወደ ኮልፌ ልመለስ፤ እዚህ ሰፈር ሌላም ነገር አለና። ክፍለ ከተማችን የስሙን ግማሽ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ያገኘ ቢሆንም፣ የኮልፌ ሙስሊም መካነ መቃብርም እዚሁ ነው፤ መስጊዱ ብዙ ነው፣ በየሰፈሩ ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት አለ። «ግዕዝ የሚያውቅ ካለ መምህር አለ» የሚለው ሰው ይህን አያስብም። እሱ ለሚያውቀው ዓይነት ልጅ፣ እሱ በሚያውቀው ቤት ያደገ መምህር ይልካል። ያ መምህር ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ የሚያስጀምርበት ነገር የለውም፤ ሠልጥኖ አያውቅምና ሌላ አላሳዩትም። የሙስሊሙ ልጅ አባት «ልጄን ምን ልታስተምሩት ነው?» ብሎ ይመጣል፤ እውነቱን ነው።

የሠለጠነ መምህር ቢኖር ግን ያ ልጅ ክፍሉን ሁሉ ይመራ ነበር። «ሙስሐፍ ሲበዛ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ኡስታዙ ዘንድ አረብኛውን ትንሽ ከገፋ «መሳሒፍ» ይላል። «መጽሐፍ ሲበዛስ?» መጻሕፍት። በመሐል ተሰብሮ የሚበዛ ስም አማርኛ ከግዕዝ ተበድሮ እንጂ የራሱ የለውም፤ ግዕዝና አረብኛ ግን ሁለቱም ያውቁበታል፤ ምሁራንም ሙስሐፍን ከግዕዙ «መጽሐፍ» ጋር ያዛምዱታል። ቁርኣን የኢየሱስን ደቀ መዛሙርት የሚጠራበት «ሐዋሪዩን» የሚለው ቃል ከኛ «ሐዋርያ» ነው። የነቢዩ መሐመድን ስደተኛ ተከታዮች የተቀበለው ነጃሺ የሚታወቅበት ስም «ነጋሢ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ የግዕዝ እንግዳ አይደለም፤ ዘመድ ነው።

ሥነ ጽሑፉም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ዒዛና ክርስትና ከመቀበሉ በፊት መሕረም የተባለውን አምላክ እየጠራ በግዕዝ ድንጋይ አስጽፏል፤ ቋንቋው ቤተ ክርስቲያኑን ቀድሟል ማለት ነው። ፍትሐ ነገሥት ከአረብኛ የተተረጎመ ሕግ ነው። የበረላምና የይዋስፍን ታሪክ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ ዕንባቆም፣ የመን የተወለዱት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1553 ከአረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። ሥሩ የሕንድ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የወጣው ልዑል የቡድሃ ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በዐረቦች አፍ አልፎ ደብረ ሊባኖስ የደረሰ ተረት ለአንድ የኮልፌ ክፍል አይመችም የሚለኝ ማን ነው? ግን ይህን ጽሑፍ ቆርጦ፣ አቅልሎ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ በሃያ መስመር የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ዛሬ የለም። የሌለው ደግሞ ሊቅ ስለጠፋ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ለማዘጋጀት የተቀመጠ ወንበር ስለሌለ ነው።

«አቅም የለንም» የሚል መልስ ይመጣል። አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ለማሳተም አቅም ይገኛል፤ ለምረቃው ድንኳን ለመትከል አቅም ይገኛል። እኔ የምለው ከዚያ የሚበልጥ ወጪ የለውም። ያስመሰከረ የቅኔ ምሩቅ ማስረጃው በመንግሥት ዘንድ ይታወቅለት፤ ከዚያ አንድ ዓመት ሕፃን ማስተማር ይማር፣ ከዓመቱም ግማሹን እውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ መምህር እያየው ያሳልፍ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ደግሞ ንባቡ እስኪቀና ድረስ ከቅኔ መምህር ዘንድ ይቀመጥ፤ ሳይመሰከርለት ወንበር አይያዝ። የመጨረሻ ፈተናቸው አንድ ይሁን። ወረቀት ላይ አይሁን። አንድ የኮልፌ ክፍል ተሰጥቷቸው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ «ክፍለ ከተማ» ለምን «ክፍለ» እንደሚል ያስረዱ። ከልጆቹ ሦስቱ ከራሳቸው ሌላ ምሳሌ ካመጡ መምህሩ አልፏል። ካላመጡ ይመለስና ከዓመት በኋላ ይሞክር፤ ቅኔ ቤትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እስከዚያ ግዕዝን በየትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ላይ ለመስቀል የሚቸኩሉትን ቆይ እላቸዋለሁ። ልጅ አንድ ጊዜ «ይህ ትምህርት አይገባኝም» ካለ በኋላ መመለስ ከባድ ነው፤ የጠላው ቋንቋ የአያቱ ቢሆንም።

የጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት። ለክረምቱ ግዕዝ ልትመዘገብ እንደሆነ እናቷ ጠይቃት፣ እንግሊዝኛ ይሻለኛል ብላለች።